የጋራ ገንዘብን ማሻሻል፦ ጎረቤት መንግሥታት ምን ላይ ይስማማሉ፣ የት ላይ ይሰናከላሉ? (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ በደረሰ ቁጥር ከሜክሲኮ አደባባይ እስከ ሣር ቤት ያለው መንገድ ይጨናነቃል፤ «አፍሪካ አንድ ገንዘብ ሊኖራት ነው» የሚለው ወሬም አብሮ ይነሳል። ይህን ገጽ ያዘጋጀነው በሰንጋ ተራና በብሔራዊ ትያትር ዙሪያ ባሉ ባንኮች የውጭ ምንዛሪ ክፍል ለሚሠሩ፣ በ6 ኪሎ ኢኮኖሚክስ ለሚያጠኑ፣ ከምዕራብ አፍሪካ ጋር ለሚነግዱና የጉባኤ መግለጫ ለሚዘግቡ ሰዎች ነው። ዓ.ም. ተብሎ በግልጽ ካልተጻፈ በቀር ዘመኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የገንዘብ ኅብረት ማለት የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር እንዳለው ዓይነት ትስስር ነው?

አይደለም። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 ጀምሮ ለአንድ ዶላር 177.721 ሆኖ ቆሟል። ይህ ግን ጅቡቲ ለብቻዋ ይዛ የቆየችው ነው። ነገ ልታነሳው ብትፈልግ የማንንም ፊርማ አትጠብቅም፤ አሜሪካም ጅቡቲ ዶላር ቢያጥራት የመድረስ ግዴታ የለባትም። (በነገራችን ላይ የጅቡቲ ፍራንክና 14 የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ አገሮች የሚገበያዩበት ሴፋ ፍራንክ በስም እንጂ በሌላ አይገናኙም። ይህን ማምታታት በተደጋጋሚ እናያለን።)

በገንዘብ ኅብረት ውስጥ ማዕከላዊ ባንኩ አንድ ነው፤ የወለድ ምጣኔው አንድ ነው፤ የገንዘብ ሚኒስትሮቹ ግን ብዙ ናቸው። የችግሩ ሁሉ ምንጭ እዚህ ላይ ነው። የኢኮኖሚክስ ሊቁ ሮበርት ሙንዴል በ1961 ጉዳዩን በደንብ አስቀምጦታል። የራሱ ገንዘብ ያለው አገር የቡና ዋጋ ሲወድቅበት ተመኑን ዝቅ አድርጎ ጫናውን ያስተነፍሳል። ገንዘቡን ከጎረቤት ለተጋራ አገር ይህ በር ዝግ ነው። የቀሩት መንገዶች ሦስት ናቸው፦ ደመወዝና ዋጋ ይቀንሳል፣ ሠራተኛው ድንበር ተሻግሮ ሥራ ይፈልጋል፣ ወይም የተሻለው ጎረቤት ይደጉማል። ሦስቱም ካልሠሩ አገሩ ሥራ አጥ ይሆናል፣ ዕዳ ይቆልላል።

«ማሻሻያ» ሲባል በትክክል ምኑ ነው የሚሻሻለው?

እቁብ የሚያውቅ ሰው ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል። ዕጣው የወጣለት ሰው ዋስ ሳይጠራ ገንዘቡን አይወስድም፤ ቀሪዎቹ አባላት የሚፈሩት የዕጣውን ቀን ሳይሆን ከዚያ በኋላ ያለውን ነውና። የገንዘብ ኅብረት ድርድርም በአብዛኛው የዋስ ድርድር ነው። የውጭ ምንዛሪ ክምችቱ የት ይቀመጣል፣ ማን ያዝዝበታል? ክምችቱ ሲሟጠጥ ዋሱ ማን ነው፣ እስከ ስንት ድረስ? የበጀት ገደብ የጣሰውን አባል ማን ይቀጣዋል? የአንዱ አገር ትልቅ ባንክ ቢወድቅ ሒሳቡን የሚከፍለው የዚያ አገር ግብር ከፋይ ብቻ ነው ወይስ ሁሉም?

ገንዘብ የማተም ትርፍ ክፍፍልም አለ። ኖቱን የሚያወጣው አገር ትርፉን ያገኛል፤ በኖቱ የሚገበያየው ጎረቤት ግን ያጣዋል። በደቡብ አፍሪካ ራንድ ቀጠና ይህ ተጽፎ ተፈትቷል፤ ደቡብ አፍሪካ በሌሶቶና በናሚቢያ ውስጥ ለሚዘዋወረው ራንድ ካሳ ትከፍላለች። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ደግሞ የመውጫው ደንብ ነው፤ ከታች እንመለስበታለን።

የኖቱ ስምና ሥዕል የመጨረሻው ጉዳይ ነው። ዜናው ግን የሚጀምረው ከእሱ ነው።

በ2019 የታወጀው የሴፋ ፍራንክ ማሻሻያ ምን ለወጠ፣ ምን አልለወጠም?

በመጀመሪያ ሴፋ ፍራንክ አንድ ገንዘብ እንዳልሆነ ይታወቅ። ሁለት ናቸው። የምዕራቡን የሚያወጣው መቀመጫውን ዳካር ያደረገው የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማዕከላዊ ባንክ ነው፤ ተጠቃሚዎቹም ቤኒን፣ ቡርኪና ፋሶ፣ ኮትዲቯር፣ ጊኒ ቢሳው፣ ማሊ፣ ኒጀር፣ ሴኔጋልና ቶጎ ናቸው። የመካከለኛውን የሚያወጣው ያውንዴ ያለው ባንክ ሲሆን ካሜሩን፣ ቻድ፣ ኮንጎ ብራዛቪል፣ ጋቦን፣ ኢኳቶሪያል ጊኒና የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ይጠቀሙበታል። ሁለቱም ለአንድ ዩሮ 655.957 ናቸው። የ2019ው ማሻሻያ የምዕራቡን ብቻ የሚመለከት ነው።

ዲሴምበር 21 ቀን 2019 አቢጃን ላይ የኮትዲቯሩ ፕሬዚዳንት አላሳን ዋታራና የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን ሦስት ነገር አወጁ። ስሙ «ኢኮ» ይባላል። የክምችቱን ግማሽ በፈረንሳይ ግምጃ ቤት የማስቀመጥ ግዴታ ይቀራል። የፈረንሳይ ተወካዮች ከማዕከላዊ ባንኩ የአመራር አካላት ይወጣሉ።

የሁለተኛውን ክብደት ለመረዳት የቀድሞውን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ማዕከላዊ ባንኩ የውጭ ምንዛሪውን ከፊሉን በፓሪስ ግምጃ ቤት በተከፈተ የማንቀሳቀሻ ሒሳብ ያስቀምጥ ነበር፤ መጀመሪያ ላይ ሙሉውን፣ ከ1973 በኋላ 65 በመቶውን፣ ከ2005 በኋላ 50 በመቶውን። በምላሹ ሒሳቡ ከዜሮ በታች ቢወርድ ፈረንሳይ ትሸፍናለች። ተቀማጩ የዋስትናው መያዣ ነበር ማለት ነው። በ2021 ገንዘቡ ወደ ዳካሩ ባንክ ተመለሰ፤ ሒሳቡም ተዘጋ።

ያልተለወጠው ግን ይበልጣል። ከዩሮ ጋር የታሰረው ተመን ባለበት ነው። የፈረንሳይ ዋስትናም አለ፤ መያዣው ቀርቶ እንደ ብድር መስመር ሆነ እንጂ አልተነሳም። ክምችቱ ከባንኩ የቅርብ ጊዜ ግዴታዎች ከ20 በመቶ በታች ከወረደ ፈረንሳይ በልዩ ሁኔታ በገንዘብ ፖሊሲ ኮሚቴው ውስጥ ተወካይ ለማስቀመጥ የምትችልበት አንቀጽ በአዲሱ ስምምነት ውስጥ አለ። ስሙም እስካሁን በኖቱ ላይ አልተለወጠም። ስለዚህ «ሴፋ ቀረ» የሚለው ትክክል አይደለም፤ «ምንም አልተደረገም» የሚለውም እንዲሁ። ክምችትን በራስ እጅ ማስገባት ትልቅ እርምጃ ነው፤ ከ1945 ጀምሮ በዚህ ደረጃ አልተደረገም።

ታዲያ ኢኮ የት ደረሰ?

ስሙ የሌላ ሰፈር ነበር። የምዕራብ አፍሪካ አገሮች የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ (ኢኮዋስ) ጁን 2019 አቡጃ ላይ «ኢኮ»ን ለ15ቱም አባላት የጋራ ገንዘብ ስምነት ያጸደቀው ከአቢጃኑ መግለጫ 6 ወር ቀድሞ ነው። የአቢጃኑ መግለጫ ስሙን ለ8ቱ ሲወስደው ናይጄሪያ፣ ጋና፣ ጊኒ፣ ጋምቢያ፣ ላይቤሪያና ሴራሊዮን ጃንዋሪ 2020 አቡጃ ላይ ተሰብስበው እርምጃው ከኢኮዋስ ውሳኔ ጋር እንደማይጣጣም በጽሑፍ አሳወቁ።

ፀቡ የስም ይምሰል እንጂ በውስጡ ሁለት የማይታረቁ ንድፎች አሉ። ፈረንሳይኛ ተናጋሪው ወገን ከዩሮ ጋር የታሰረ ተመን ይዞ ቀስ በቀስ መስፋት ይፈልጋል። አቡጃና አክራ የሚፈልጉት ተለዋዋጭ ተመን ነው። የናይጄሪያ ኢኮኖሚ የቀጠናው ትልቁ ነው፤ ነዳጅም ሻጭ ናት። የነዳጅ ዋጋ ሲጨምር ናይጄሪያ ትፋፋለች፣ እንደ ቶጎ ያሉ ነዳጅ ገዢዎች ይጎዳሉ። ለሁለቱም የሚስማማ አንድ የወለድ ምጣኔ ማግኘት ከባድ ነው።

መግቢያ መስፈርቶቹም አሉ፦ የበጀት ጉድለት ከጥቅል አገራዊ ምርት ከ3 በመቶ ያልበለጠ፣ የሕዝብ ዕዳ ከ70 በመቶ ያልበለጠ፣ የ3 ወር ገቢ ዕቃ የሚሸፍን ክምችት፣ ማዕከላዊ ባንክ ለመንግሥት የሚያበድረው ካለፈው ዓመት የግብር ገቢ ከ10 በመቶ ያልበለጠ። ሁሉንም በአንድ ዓመት ያሟሉ አገሮች ጥቂት ናቸው፤ ያሟሉትም በቀጣዩ ዓመት ይወድቃሉ። ኮቪድ ሲመጣ ሁሉም ወደቀ። ጁን 2021 አክራ ላይ ቀኑ ወደ 2027 ተገፋ።

ከዚያ ወዲህ ማሊ፣ ቡርኪና ፋሶና ኒጀር ጃንዋሪ 29 ቀን 2025 ከኢኮዋስ በይፋ ወጡ። ከሴፋ ግን አልወጡም። ይህ ልዩነት በዘገባ ብዙ ጊዜ ይጠፋል፤ ኢኮዋስና የገንዘብ ኅብረቱ የተለያዩ ውሎች ያሏቸው የተለያዩ ተቋማት ናቸው።

በታሰረ ተመን ውስጥ መኖር ይህን ያህል የሚያሰጋው ለምንድን ነው?

የ1994ን ጃንዋሪ ማየት በቂ ነው። ከ1948 ጀምሮ ለ45 ዓመት ሳይነካ የቆየው ተመን በአንድ ቀን በግማሽ ወረደ። አንድ የፈረንሳይ ፍራንክ 50 ሴፋ የነበረው 100 ሆነ። ምክንያቱ ሲጠራቀም የከረመ ነበር፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ የካካዎና የቡና ዋጋ ወደቀ፣ በዚያው ሰሞን የፈረንሳይ ፍራንክ ከጀርመን ማርክ ጋር ተጣብቆ ጠነከረ፣ የሴፋ አገሮች ምርት ደግሞ በዓለም ገበያ ተወደደ። ተመኑ ትንሽ ትንሽ እየተስተካከለ ቢሄድ ኖሮ ሕመሙ ለዓመታት ይከፋፈል ነበር። የታሰረ ስለነበር ሁሉም በአንድ ሌሊት መጣ። የገቢ መድኃኒት ዋጋ እጥፍ ገደማ ሆነ፤ ደመወዝ ግን በዚያ ልክ አልጨመረም።

የባንክ ሰዎች ልብ ሊሉት የሚገባ ምልክት ቀድሞ ታይቷል። ኦገስት 1993 ማዕከላዊ ባንኮቹ ከቀጠናው ውጭ የተገኘ የሴፋ ኖት መልሰው መግዛት አቆሙ። ተመኑ የተቆረጠው ከ5 ወር በኋላ ነው። ኖት መልሶ መግዛት ሲቆም በተመኑ ላይ ያለው እምነት አስቀድሞ ወጥቷል ማለት ነው።

ፈረንሳይና ጀርመን ከተስማሙ የዩሮ ማሻሻያ አለቀ ማለት አይደለም?

ግማሽ መንገድ ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ ምንም አይንቀሳቀስም። ሲስማሙም ሌሎቹ ይቀርጹታል።

ሒደቱ በተለምዶ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የሁለቱ ገንዘብ ሚኒስቴር ባለሙያዎች ለወራት በዝግ ጽሑፍ ይለዋወጣሉ። ከዚያ መሪዎቹ በጋራ መግለጫ ያወጡታል። የዩሮ አገሮች ገንዘብ ሚኒስትሮች ይከራከሩበታል፤ ቁጥሩ የሚቀንሰው እዚህ ነው። የመሪዎች ጉባኤ ያጸድቀዋል። ቀጥሎ የሕግ መልኩ ይመረጣል፦ የኅብረቱን ውል ማሻሻል (ሁሉም አገር ማጽደቅ አለበት፣ ዓመታት ይወስዳል)፣ ከውሉ ውጭ የመንግሥታት ስምምነት፣ ወይም ተራ ደንብ። ከዚያ ፓርላማዎች አሉ፤ በጀርመን ደግሞ የካርልስሩሄው ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት።

የሁለት ስምምነቶች ዕጣ ልዩነቱን ያሳያል። ጁን 2018 ሜርክልና ማክሮን ሜዘበርግ ላይ ለዩሮ አገሮች የተለየ በጀት እንዲኖር ተስማሙ። ፈረንሳይ የፈለገችው ችግር ላይ ለወደቀ አባል የሚደርስ ትልቅ የጋራ ቋት ነበር። ኔዘርላንድስና አጋሮቿ ግን «መጀመሪያ እያንዳንዱ ቤቱን ያጽዳ» ብለው ቆሙ፤ በጀቱ እየተሸረፈ ሄዶ ኮቪድ ሲመጣ ጭራሽ ተረሳ። በሜይ 2020 ያው ሁለቱ መሪዎች የ500 ቢሊዮን ዩሮ እርዳታ በጋራ ብድር እንዲሰበሰብ ሐሳብ አቀረቡ። ኦስትሪያ፣ ኔዘርላንድስ፣ ዴንማርክና ስዊድን ተቃወሙ። ጁላይ ላይ ከ4 ቀን ድርድር በኋላ የተገኘው 750 ቢሊዮን ነው፤ ግን እርዳታው 390 ቢሊዮን ወርዶ ቀሪው 360 ቢሊዮን ብድር ሆነ። ከ2 ዓመት በፊት የማይታሰብ የነበረው የጋራ ብድር በ2 ወር ያለፈው አደጋው የማንም ጥፋት ስላልነበረ ነው። በግሪክ ጊዜ ጥያቄው «ያባከነውን ለምን እንከፍላለን?» ነበር፤ በኮቪድ ጊዜ ይህ ጥያቄ የሚያርፍበት አጣ።

ፓርላማ ላይ የሚቀር ስምምነትም አለ። የአውሮፓ መረጋጋት ዘዴ የሚባለው 500 ቢሊዮን ዩሮ የማበደር አቅም ያለው ተቋም የተሻሻለ ውሉ በ2021 ተፈርሞ ነበር። የጣሊያን ፓርላማ ዲሴምበር 2023 ሲጥለው ሌሎቹ ሁሉ አጽድቀውት ሳለ ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ።

ገንዘቡ አንድ ከሆነ የግሪክ ሰው ለምን ከባንክ ማውጣት አቃተው?

ጁን 2015 መጨረሻ ላይ የግሪክ ባንኮች ተዘጉ፤ ከኤቲኤም በቀን የሚወጣው 60 ዩሮ ብቻ ሆነ። ኖቱ አንድ ቢሆንም ከባንኩ ጀርባ የቆመው የግሪክ መንግሥት እንጂ የዩሮ አገሮች ሁሉ ስላልነበር ነው። ባንኮቹ የመንግሥታቸውን ቦንድ ገዝተው ነበር፤ መንግሥት ሲናጋ ባንኮቹ ተናጉ፣ ባንኮቹ ሲናጉ መንግሥት የባሰ ተናጋ።

አውሮፓ ከዚህ ቋጠሮ ከፊሉን ፈትታለች። ከኖቬምበር 2014 ጀምሮ ትልልቅ ባንኮችን በቀጥታ የሚቆጣጠረው የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ነው። ያልተፈታው የጋራ የተቀማጭ መድን ነው፤ በ2015 ቀረበ፣ ጀርመን አልተቀበለችውም፣ አሁንም እያንዳንዱ አገር 100,000 ዩሮ ድረስ የሚሸፍነው በራሱ ፈንድ ነው። በእኛ እምነት በአፍሪካ የሚታቀዱት ኅብረቶች በሙሉ ይህን ጉድለት ይዘው እየተነሱ ነው። የበጀት መስፈርት ገጽ በገጽ ተጽፏል፤ ባንክ ሲወድቅ ማን ይከፍላል የሚለው ግን በቂ ቦታ አላገኘም።

የጋራ ማዕከላዊ ባንክ አባሉን ለመቅጣት ሊውል ይችላል?

ውሏል። ጃንዋሪ 9 ቀን 2022 ኢኮዋስና የምዕራቡ ገንዘብ ኅብረት በማሊ ወታደራዊ መንግሥት ላይ ማዕቀብ ሲጥሉ ማሊ በዳካሩ ባንክ ያላት ገንዘብ ታገደ። ግምጃ ቤቷ ገንዘብ እያለው የቦንድ ክፍያ መፈጸም አቃተው። የኅብረቱ ፍርድ ቤት ማርች ላይ እገዳው እንዲቆም አዘዘ፤ ማዕቀቡ የተነሳው ግን ጁላይ ላይ ነው። በ2023 ኒጀር ተመሳሳይ ነገር ደረሰባት።

መፈንቅለ መንግሥትን መቃወም ተገቢ ነው። ሆኖም የጋራ ካዝናን የፖለቲካ ዱላ ማድረግ በቀጣዩ ድርድር ላይ እያንዳንዱ ካቢኔ «ነገ በእኔ ላይ ቢሆንስ?» ብሎ እንዲያስብ ያደርጋል። የማሻሻያ ሐሳብ ለሚያረቅቁ ሰዎች ምክራችን በምን ሁኔታ፣ በስንት ድምፅ፣ ለስንት ጊዜ እንደሚታገድ ከወዲሁ በውሉ ይጻፍ የሚል ነው።

ብርስ? ኢትዮጵያ ገንዘብ ተጋርታ ታውቃለች?

ሁለት ጊዜ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ አዲስ አበባ ውስጥ ይዘዋወር ነበር፤ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ወጥቶ 2 ሽልንግ በአንድ ብር ተተካ። ኤርትራ እስከ 1952 በሽልንግ ቆየች።

ሁለተኛው ይበልጥ ያስተምራል፤ ያሳዝናልም። ኤርትራ ነፃ አገር ከሆነች በኋላ እስከ ኖቬምበር 1997 በብር ትገበያይ ነበር። የብር ፖሊሲ የሚወሰነው አዲስ አበባ ነው፤ አስመራ በውሳኔው ውስጥ ድምፅ አልነበራትም። የጋራ ማዕከላዊ ባንክ አልተቋቋመም፤ የማተም ትርፍ ክፍፍልም ሆነ የመለያያ ደንብ አልተበጀም። በ1990 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የኤርትራ ገንዘብ ናቅፋ ሲወጣ ኤርትራ ሁለቱ ገንዘቦች አንድ ለአንድ በሁለቱም አገር እንዲሠሩ ጠየቀች። ኢትዮጵያ አልተቀበለችም፤ በዚያው ሰሞን የብር ኖቶቿን ቀየረች፤ ከ2,000 ብር በላይ የሆነ የድንበር ንግድ በኤልሲ (ባንክ ለሻጩ ክፍያውን በሚያረጋግጥበት ሰነድ) እና በዶላር እንዲሆን ወሰነች። እያንዳንዱ መንግሥት የራሱ ምክንያት ነበረው፤ ከራሱ ወገን ሲታይም ምክንያቱ ትርጉም ይሰጣል። ግን ዶላር ለሁለቱም ብርቅ ነበር። ትናንት በብር ጤፍና ጨው ሲለዋወጥ የነበረ ነጋዴ ዛሬ ኤልሲ ክፈት ተባለ። ንግዱ ወዲያው ተኮማተረ። ግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነት ተነሳ። የጦርነቱ ምክንያት ገንዘብ ብቻ ነው ማለት ስህተት ነው፤ ግንኙነቱን እንዳሻከረው ግን አያጠራጥርም።

ከቼክና ስሎቫኪያ ጋር ያነጻጽሩት። ጃንዋሪ 1 ቀን 1993 ሲለያዩ ለጊዜው በአንድ ኮሩና ለመቀጠል ተስማሙ። ኅብረቱ የሚፈርስባቸው ሁኔታዎች ግን አስቀድመው ተጽፈው ነበር። ገንዘብ ከስሎቫኪያ ወደ ቼክ ባንኮች መሸሽ ሲጀምር ፌብሩዋሪ 8 ተለያዩ፤ 6 ሳምንት እንኳ አልሞላም። አዲስ ኖት እስኪታተም በአሮጌው ላይ ቴምብር ለጠፉ። ወሳኙ ነገር ግን የማጣጣሚያ ሒሳብ መክፈታቸው ነው። የሁለቱ አገር ነጋዴዎች በየራሳቸው ገንዘብ ይከፍላሉ፤ ማዕከላዊ ባንኮቹ ክፍያዎቹን አጣጥመው በየጊዜው ልዩነቱን ብቻ በጠንካራ ምንዛሪ ይወራረዳሉ። ለእያንዳንዱ ኩንታል ዶላር አያስፈልግም። በ1990 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በአስመራ መካከል የጎደለው ይህ ነበር፤ ለማቋቋም የሚያስፈልገውም ሁለት ሒሳብ፣ የብድር ጣሪያና በየወሩ የሚገናኝ ኮሚቴ ነው።

ኢትዮጵያ በቅርቡ የጋራ ገንዘብ ትገባለች?

አትገባም። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል አይደለችም። የማኅበረሰቡ የገንዘብ ኅብረት ፕሮቶኮል በኖቬምበር 2013 ካምፓላ ላይ ሲፈረም ቀኑ 2024 ነበር፤ አሁን 2031 ነው። መስፈርቱ በዕዳና በክምችት ከምዕራቡ ይጠብቃል፤ ዕዳ 50 በመቶ፣ ክምችት 4.5 ወር። የዋጋ ግሽበት ጣሪያው 8 በመቶ ነው። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እየተወሰነ ነው፤ ገና የራሱን ሚዛን እየፈለገ ያለ ገንዘብን ከሌላ ጋር ማሰር ለሁለቱም ወገን አይመከርም።

ቀርቦ የሚገኘው ጥቅም ከክፍያ ሥርዓት ነው። የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ) የክፍያ ማጣጣሚያና በጃንዋሪ 2022 አክራ ላይ የተጀመረው የመላ አፍሪካ ክፍያ ሥርዓት የጋራ ገንዘብ ሳይኖር በየራስ ገንዘብ መክፈልን ይሞክራሉ። ሐሳቡ ከላይ ያየነው የማጣጣሚያ ሒሳብ ነው።

የጉባኤ መግለጫ ሲወጣ ምኑን ልይ?

ቀኑን አይዩ፤ ቀን ይገፋል። ተቋም የማቋቋም ሕግ ጸድቋል ወይ፣ መቀመጫ ከተማው ተመርጧል ወይ፣ ካፒታሉን ማን ከፈለ የሚለውን ይፈልጉ። የአፍሪካ ኅብረት ማቋቋሚያ ሰነድ አፍሪካዊ ማዕከላዊ ባንክን በስም ጠቅሶታል፤ ባንኩ ግን ሥራ አልጀመረም። «ተስማሙ» እና «መመሪያ ሰጡ» የሚሉት ቃላትም ይለያያሉ፤ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ባለሙያዎቹ አልተስማሙም ማለት ነው።

ከቶጎዋ ሎሜ ዕቃ ላመጣ ነው። የዋጋ ማቅረቢያው በሴፋ ነው። ምን ልጠንቀቅ?

መጀመሪያ የትኛው ሴፋ እንደሆነ በሰነዱ ላይ በኮድ ይጻፍ፤ የምዕራቡ ኤክስ ኦ ኤፍ፣ የመካከለኛው ኤክስ ኤ ኤፍ ነው። ዋጋቸው እኩል ቢሆንም የሎሜ ኖት በካሜሩኗ ዱዋላ አይገበያዩበትም፤ የዱዋላውም ሎሜ ላይ እንዲሁ። በቦሌ በኩል ወደ ሁለቱም የሚመላለስ ሰው የተረፈውን ኖት እዚያው ቀይሮ ይመለስ።

ዋጋውን ለመፈተሽ በ655.957 ያካፍሉት። 10,000,000 ሴፋ 15,244.90 ዩሮ ነው። ባንክዎ ወይም አቅራቢው ከዚህ የራቀ ቁጥር ከሰጠ ልዩነቱ የአገልግሎት ክፍያ እንጂ የምንዛሪ መዋዠቅ አይደለም፤ ምን እንደሆነ ይጠይቁ። በዶላር የሚከፍሉ ከሆነ ግን የዩሮና የዶላር መለዋወጥ በእርስዎ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ኤልሲው ራሱ በዩሮ እንዲከፈት ባንኩን ይጠይቁ። ውሉ ከ6 ወር በላይ የሚዘልቅ ከሆነ ደግሞ «የገንዘቡ ስም ወይም ተመን ቢቀየር ክፍያው በዩሮ አቻው ይሆናል» የሚል አንድ መስመር ያስገቡ።